በካውያ ስለተሠራ ጣፋጭ ለአቶ ጎበዜ የቀረበ ግለ ሂስ

ሐሙስ፣ ግንቦት 16 ቀን 2004 ዓ.ም.
መሳለሚያ፣ አዲስ ከተማ

ለተከበሩ አቶ ጎበዜ
የኮሌጁ የተማሪዎች አገልግሎትና የሴቶች ማደሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ በፊት የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ደህንነት፣ ይልቁንም የምግብ ፍላጎትዎን ሁኔታ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ደህንነቴ ግን እስከ ነገ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ብቻ የሚሠራ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሚያውቀው አላህ ነው፤ ከእሱ በጣም ዝቅ ብሎ ደግሞ እርስዎ ያውቃሉ። ለአላህ በቀን አምስት ጊዜ እየነገርኩት ስለሆነ ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ እንዲሆን ወስኛለሁ።

ከመቶ አርባ ልጆች መካከል ለይተው ካላስታወሱኝ፣ ጠሂራ እባላለሁ። የፋርማሲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ የክፍል 14 የአንድ ለአምስት ተጠሪ፣ ባለፈው ቅዳሜ ከአልጋዋ ሥር አንድ ካውያ፣ አንድ የቆርቆሮ ትሪና ሠላሳ ሁለት ፍሬ የለውዝ ጣፋጭ የተያዘባት ልጅ ነኝ። ማክሰኞ ዕለት ቢሮዎ አስጠርተውኝ ግለ ሂሴን በጽሑፍ እንዳቀርብ፣ ከእሱም ጋር ጣፋጩን አብረውኝ የበሉትን ሰዎች ስም ዝርዝር እንዳያይዝ፣ ይህን እስከ ዓርብ ካላደረግኩ ግን ለብቃት ምዘናው ፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ አልጋዬን ለቅቄ እንድወጣ አዝዘውኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ከዚያ አልጋ ሌላ የማውቀው ማረፊያ አውቶቡስ ተራ ነው፤ እሱም የኮምቦልቻው አውቶቡስ እስኪሞላ ድረስ ብቻ ነው።

ግለ ሂስ ለኃላፊ ብቻ ይነበባል የሚል መመሪያ ፈልጌ ስላጣሁ፣ ይህንኑ ጽሑፍ ደረጃው አጠገብ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይም ለጥፌዋለሁ። ያጠፋሁት በጋራ ቤት ነውና ማፈሩም በጋራ ፊት ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ስለዚህ ጥፋቶቼን ከሥራቸው እየነቀልኩ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ አፌ

እንደሚያስታውሱት ዘንድሮ ስኳር ጠፍቶ፣ ያውም ምንም ነገር ጠፋ በማይባልበት በመርካቶ መሃል ጠፍቶ፣ ሰው በየሸማቾች ማኅበሩ ደጅ ተሰልፎ ነው የከረመው። እርስዎም በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ተማሪን የሚያጣፍጠው ስኳር ሳይሆን ዓላማ ነው ብለው አጽናንተውናል፤ ይኸው ዓላማውን በሻይ እያማሰልን እስከ ግንቦት ደርሰናል። ደግነቱ ኮሌጁ ለቁርስ ሻያችን ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ማንኪያ ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ ማደሉን አልተወም። በዚያ ትልቅ ኩባያ ውስጥ አንድ ማንኪያ ስኳር ገባች ይባላል እንጂ ተሰማች አይባልም።

ልጆቹ ያው መርካቶ የሚኖሩ ናቸውና የስኳር እቁብ ጣሉ። እቁብተኛዋ ጠዋት ጥቅሏን ሳትፈታ ታስረክባለች፣ ሻይዋን እንደ ኮሶ ፊቷን አጨማዳ ትጠጣለች፣ ዕጣ የወጣላት ልጅ የሁሉንም ጠቅልላ ትወስዳለች። ሳምንታት በመራራ ሻይ ከርሞ አንድ ቀን መንገሥ ማለት ነው። እቁብተኞቹ እነማን እንደሆኑና ከየትኛው ክፍል እንደሆኑ እዚህ ላይ አልገልጽም፤ እቁብ ሚስጥሩ ከወጣ ይፈርሳል።

ዕጣው ለእኔ ሲወጣ እንደ ሰው ሻዬን አጣፍጬ ብጠጣ ምን ነበረበት? አፌ አላስቀመጠኝም። በሻይ ከማሟሟው ለሁላችሁም የሚደርስ የለውዝ ጣፋጭ እሠራበታለሁ፣ እኛ ቤት እኮ ይሄ የልጅ ጨዋታ ነው አልኩ። እውነቱን ለመናገር እኛ ቤት ጣፋጭ ሲሠራ የእኔ ድርሻ ድስት መላስ ነበር። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይላሉ አበው፤ የኔ ሲከፈት ድስት የላሰ ምላስ ብቻ ነው የታየው።

2ኛ. ስለ ካውያው

በየበራችን ያስለጠፉልን ደንብ፣ ረጅም ዕድሜ ይስጥዎና፣ በአንቀጽ አራት ምድጃን፣ ቡታጋዝንና ከሰልን ይከለክላል። በአንቀጽ ሰባት ደግሞ ካውያን ይፈቅዳል፤ እንዲያውም የነገዋ ጤና ባለሙያ ልብሷን ተኩሳ እንድትታይ ይመክራል። እኔም ምክርዎን ተቀብዬ ካውያዬን ገለበጥኩት። በሁለት ወፍራም መጻሕፍት መካከል አጣብቄ ሆዱን ወደ ላይ ሳቆመው ከምድጃ የሚለየው ነገር አልነበረም፤ ትንሽ ጫፉ ሾል ይላል እንጂ።

ማዞሪያው ላይ የሐር፣ የሱፍና የጥጥ ሙቀት ምልክት አለ። በሦስት ዓመት ውስጥ ለሳይንስ ያበረከትኩት ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ስኳር በሐር አይነቃነቅም፣ በሱፍ ያልበዋል፣ በጥጥ ይቀልጣል። ሦስት ዓመት ያልኩት የመጀመሪያውን ዓመት ሁለት ጊዜ ስለተማርኩት ነው፤ ግለ ሂስ ስለሆነ መደበቅ አልችልም።

የመጀመሪያ ቀን በጥጥ የቀለጠው ስኳር፣ ለውዙን ልፈልፍል ዘወር ባልኩባት ቅጽበት ጠቁሮ፣ ከትንሿ ድስት ገንፍሎ ካውያው ሆድ ላይ ተጋገረ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለዕድለኞቹ ነው፤ እኔ የምለቅመው እንኳ አላገኘሁም። ካውያውን ጠርጌ ጠርጌ የጸዳ መሰለኝና በማግስቱ ለተግባር ልምምድ ወደ ጤና ጣቢያ ስሄድ ነጭ ጋውኔን ተኮስኩበት። ከኋላዬ፣ ከወገቤ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ቡናማ ነገር ታትሞ መዋሉን የነገረኝ አልነበረም። በሽተኞቹ ወረፋ እየለቀቁ ሲያሳልፉኝ የሙያው ክብር መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር የዋልኩት፤ ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ጠጋ ብለው፣ አይዞሽ ልጄ ሰው ነሽ ብለው መጸዳጃው በስተግራ መሆኑን በሹክሹክታ እስኪጠቁሙኝ ድረስ።

3ኛ. ስለ መጽሐፉ

ካውያውን ደግፈው ከቆሙት መጻሕፍት አንደኛው የቤተ መጻሕፍቱ ነው። የተቃጠለው ስኳር በጎኑ ገብቶ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ አጣብቆታል። ምዕራፉ ስለ ስኳር በሽታ መድኃኒቶች የሚናገር ነው። አላህ ሲቀጣ እንዴት አሳምሮ እንደሚቀጣ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ፈተናው ላይ ከዚያ ምዕራፍ ጥያቄ ከወጣ የምሳሳተው ሳላጠና ቀርቼ አለመሆኑን አስቀድመው እንዲያውቁልኝ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ እስካሁን አያውቅም ነበር፤ አሁን አወቀ።

4ኛ. ስለ ድንጋዩ

አፍሬ መተው ሲገባኝ፣ አንዲት እቁብተኛ አዝናልኝ ዕጣዋን ለቀቀችልኝና ሁለተኛ ጊዜ ተነሳሁ። በዚህኛው ዙር ስኳሩ እንዳይጠቁር ብዬ ከእሳቱ ሳይወርድ እንደ ገንፎ አማሰልኩት፣ ለውዙን ጨመርኩ፣ ከዘይት ቆርቆሮ ባሠራሁት ትሪ ላይ ገለበጥኩት። ደረቀ። መድረቅ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ትሪውና ጣፋጩ ላይለያዩ ተጋቡ። በማንኪያ ብል፣ በቁልፍ ብል፣ በጫማ ተረከዝ ብል ወይ ፍንክች።

በነጠላዬ ሸፍኜ ትሪውን ወደ ሠሩልኝ ወደ ጋሼ ኸይረዲን፣ ምን አለሽ ተራ ይዤው ሄድኩ። ጋሼ ኸይረዲን አርባ ዓመት ቆርቆሮ የቀጠቀጡ ሰው ናቸው። አገላብጠው አዩት፣ በመዶሻው ጀርባ አንድ ጊዜ መቱት፤ ትሪው ጎበጠ፣ ጣፋጩ ግን እንደነበረ ነው። ለጎረቤታቸው ጠርተው አሳዩት። ጎረቤታቸውም ለጎረቤቱ አሳየው። ክቡርነትዎ፣ ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ በእኔ ሥራ ሲደነቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። በመጨረሻ ጋሼ ኸይረዲን የሥራ ጓንታቸውን አውልቀው፣ ይሄ የኔ ሙያ አይደለም፣ ወደ ድንጋይ ጠራቢዎች ውሰጂው አሉኝ።

ከዚያ ግን አሳዘንኳቸው መሰለኝ አስቀምጠው መከሩኝ። ባለቤታቸው ለኢድ ሐላዋ ይሠራሉ፤ አጠገባቸው እየተቀመጡ አይተውታል። ስኳር ሲቀልጥ አይማሰልም፣ ድስቱን ይዞ ቀስ እያሉ ማዘንበል ነው። የቀጭን ሻይ መልክ ሲይዝ ሳይዘገዩ ማውረድ ነው። ትሪው ዘይት ይቀባል። ለውዙ ይወቀጣል እንጂ እንደ ጠጠር እንዳለ አይጨመርም፤ የዱቄት ወተት ከተነሰነሰበት ደግሞ ጥርስ አይፈራውም። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ የጎበጠውን ትሪ እያቃኑ ነበር።

5ኛ. ስለ ምርጥ ተሞክሮው

በሦስተኛው ተሳካልኝ። ወላሂ ተሳካልኝ። መልኩ የወርቅ ነው፣ ከውጭ ቆንጠር ያደርጋል፣ ከውስጥ ይሟሟል። የፋርማሲ ልጅ ነኝና በማስመሪያ ለክቼ እኩል እኩል ቆረጥኩት። በመጀመሪያው ጉርሻ ከመሃላቸው አንዷ ዓይኗን ጨፍና ነው ያኘከችው። በሕይወቴ ያለ ማካካሻ ፈተና አንድ ነገር ማለፌ ነው። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬ እርስዎን ባላስቸገርኩ ነበር።

እንደሚያውቁት የአንድ ለአምስት ተጠሪ ሳምንታዊ ሪፖርት ታቀርባለች። እኔ ስምንት ሳምንት ሙሉ ያቀረብኩልዎ አንድ ሪፖርት ነው፤ ቀኑን ብቻ እየቀየርኩ። አባላቱ በመልካም ሁኔታ ላይ ናቸው፣ ያጋጠመ ችግር የለም፣ ምርጥ ተሞክሮ የለም። እርስዎም ስምንት ሳምንት ሙሉ ታይቷል ብለው ፈርመውልኛል፤ በዚህ ረገድ በመካከላችን ጥሩ መግባባት ነበር። ባለፈው ስብሰባ ግን ከየክፍሉ ምርጥ ተሞክሮ መጥፋቱ እንዳሳዘነዎትና ተሞክሮ ቀምራ ለምታቀርብ ተጠሪ የምስክር ወረቀት እንደሚሰጡ ተናገሩ። የምስክር ወረቀት የሚለውን ስሰማ ልቤ ቀጥ አለ። ግድግዳዬ ባዶ ነው።

ቁጭ ብዬ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ርዕሱ «ያለ ምድጃ፣ በአነስተኛ ግብዓት ጣፋጭ የማምረት ተሞክሮ» ይላል። ዓላማ አለው፣ ግብዓት አለው፣ የሐሩን፣ የሱፉንና የጥጡን ሙቀት የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለው። ያጋጠሙ ተግዳሮቶች በሚለው ሥር ጋውኔን አስገብቼዋለሁ። ወደፊትም ወደ ሌሎች ክፍሎች የሚሰፋበትን አቅጣጫ አስቀምጫለሁ። ቅጣት ያለበትን ነገር በገዛ እጄ፣ በገዛ ፊርማዬ፣ በሁለት ኮፒ አዘጋጅቼ፣ ደረጃ ወርጄ፣ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጬ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ግን ሞኙም ወረቀቱም ሆኜ እንኳ መያዝ አልቻልኩም።

ከስምንት ሳምንት በኋላ ያን አንድ ሪፖርት ስላነበቡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጽሑፌ አንባቢ ማግኘቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

በዚህ ቁጥር ሥር የሚካተት አንድ ሌላ ጥፋት አለኝ። በዚያ ተሞክሮ ላይ የፈጣሪዋ ስም ተብሎ የተጻፈው የእኔ ብቻ ነው። ስኳራቸውን የሰጡኝን፣ ለውዝ የወቀጡልኝን፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪ ያበሩልኝን ልጆች ስም አላነሳሁም፤ የምስክር ወረቀቱ ላይ ሁለት ስም ከሚጣበብ አንድ ስም ሰፋ ብሎ ቢጻፍ ይሻላል ብዬ ነው። ከራስ በላይ ነፋስ። እነሱም ሰምተው ሁለት ቀን አኮረፉኝ። ቅዳሜ ፍተሻው ሲመጣ ግን ኩርፊያው ባንዴ በረደ፤ ስግብግብነቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ጠቀመ።

ጥፋቶቼ ከዚህ በላይ ናቸው፤ ወረቀቱ ስላነሰኝ ወደ ተያዝኩበት ልለፍ። ቅዳሜ ጠዋት ፕሮክተራችን እትዬ ምስራ እያዘኑ መጥተው ካውያዬን፣ ትሪውንና አዲስ የሠራሁትን የሳምንቱን ጣፋጭ በኤግዚቢትነት ወሰዱ። እትዬ ምስራ ጥንቁቅ ሰው ስለሆኑ ጣፋጩን ፊቴ ላይ ቆጥረው፣ ሠላሳ ሁለት ብለው ጽፈው፣ እኔንም አስፈርመው፣ ለእርስዎ ቢሮ በዚያው ቁጥር አስረክበዋል። ማክሰኞ ስጠራ ትሪው ከጠረጴዛዎ በስተቀኝ፣ ከሻይ ብርጭቆዎ አጠገብ ነበር። የቆምኩት ረዥም ሰዓት ስለሆነ ሳልፈልግ ቆጠርኩት፤ አሥራ ዘጠኝ ነው። አሥራ ሦስቱ የት እንደሄደ አላውቅም። ሕንጻው ጉንዳን እንዳለበት ባለፈው ዓመት ራስዎ አስታውቀዋል።

ስለ ዲሲፕሊን እየመከሩኝ፣ ደንብ የማያከብር ተማሪ ነገ በመድኃኒት ሊታመን እንዴት ይችላል እያሉኝ፣ እጅዎ ወደ ቀኝ ሄደ። አንዱን አነሱ። የእጅዎ እንጂ የእርስዎ ሐሳብ እንዳልነበረ ይገባኛል። አኘኩ፣ ንግግርዎን አቋርጠው ሁለተኛውን አነሱ። ከዚያም በሌላ ድምፅ፣ ስብሰባ ላይ በማላውቀው ድምፅ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ይሄን ነገር ማን አስተማረሽ?»

እውነቱን ልንገርዎ፣ በዚያች ቅጽበት ወደድኩዎት። ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለኝ። ስለ ዘይቱና ስለ ዱቄት ወተቱ ልነግርዎ አፌን ስከፍት ግን የወተቱን ብናኝ ከጺምዎ ላይ ጠርገው ወደ መጀመሪያው ድምፅዎ ተመለሱ።

«ይሄ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። አብረውሽ የበሉትን ስም ጽፈሽ አምጪ፤ አንድም ሰው እንዳይቀር።»

ክቡርነትዎ፣ ቀልዴን እዚህ ላይ ልግታ። ከቢሮዎ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ፈራሁ። ልማር ብዬ ከወሎ ድረስ መጥቼ፣ በአንድ ትሪ ጣፋጭ ምክንያት በሻንጣ ልመለስ ነው ብዬ ፈራሁ። ማታውን ወረቀት አውጥቼ የመጀመሪያዋን ስም ጻፍኩ። አዎ፣ ጻፍኩት። ይህ ከካውያው ሁሉ የሚበልጥ ጥፋቴ ነው፤ ቁጥር ያልሰጠሁት ስለማፍርበት ነው።

የጻፍኳት ልጅ አጎቷ፣ ከኮሌጁ አንዲት የጥፋት ደብዳቤ ከመጣች በማግስቱ ሱቅ ትቀመጪያለሽ፣ ትምህርቱም በዚያው ያበቃል ያላት ልጅ ናት። እንዲህ ያለ አጎት ያላት ማናት ብለው እንዳይደክሙ፤ መርካቶ ውስጥ እንዲህ ያለ አጎት የሌላትን መፈለግ ይቀላል። እሷ ግለ ሂስ እንደምጽፍ እንጂ ስለ ስም ዝርዝሩ ያዘዙትንም፣ የእኔንም ወረቀት አታውቅም ነበር። ትናንት ቁርስ ላይ ሻዬን ትክ ብዬ ሳየው አይታ የራሷን ጥቅል ስኳር ከእቁቡ አስቀርታ ኩባያዬ አጠገብ አስቀመጠችልኝ።

«ጠሂ፣ ሂስ በመራራ ሻይ አይጻፍም» አለችኝ።

ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ እንዳለ ቀደድኩት። ከዚያ በኋላ ነው ይህን መጻፍ የጀመርኩት።

ትእዛዝ ግን ትእዛዝ ነው፤ እኔም አንድ ጊዜ በደንብ ማክበር መቻሌን ላሳይዎ እፈልጋለሁ። ስለዚህ የስም ዝርዝሩን ማደሪያው በሚጠቀምበት ቅጽ ላይ፣ ቅጹ እንደሚያዝዘው ከኃላፊ ወደ ተራ አባል እየወረድኩ ሞልቻለሁ። እንዲህ ይነበባል፦

ተራ ቁጥር 1፦ አቶ ጎበዜ፣ የማደሪያው ኃላፊ። የተበላው መጠን፦ ሁለት ፍሬ (ተጠሪዋ በዓይኗ ያየችው ብቻ)። ቦታ፦ ቢሮ። ፊርማ፦ ________

ተራ ቁጥር 2፦ ጠሂራ፣ የክፍል 14 ተጠሪ። የተበላው መጠን፦ ቆጥራ አታውቅም። ቦታ፦ አልጋዋ ላይ። ፊርማ፦ ፈርማለች።

ከተራ ቁጥር 3 በታች ያለው ባዶ ነው። የቅጹ የግርጌ ማስታወሻ፣ ኃላፊና ተጠሪ ሳይፈርሙ የተራ አባላት መስመር አይሞላም ይላል፤ ቅጹን ያዘጋጁት ራስዎ ስለሆኑ የእኔ ማብራሪያ አያስፈልግዎትም። እርስዎ አንደኛው መስመር ላይ በፈረሙ ሰዓት፣ እኔ ብዕሬን ይዤ ሦስተኛውን ለመጀመር ማስታወቂያ ሰሌዳው አጠገብ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ቅጹን የለጠፍኩት እዚያ ነው፤ እስኪሪብቶም በክር አንጠልጥዬበታለሁ።

ሻንጣዬን አሰናድቼ አስቀምጫለሁ። ውጪ ካሉኝ እወጣለሁ፤ ስም ግን ይዤ አልወጣም፣ ትቼም አልሄድም። በመጨረሻም ጊዜዎን ሰጥተው ስላነበቡኝ፣ በጥፋቴ ስላስተማሩኝ፣ ከዚህ በፊት ማንም ያልጠየቀኝን ያን አንድ ጥያቄ ስለጠየቁኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። ጥያቄዎ መልስ ሳያገኝ እንዳይቀር፦ ያስተማሩኝ አንድ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ናቸው፤ ያስተማሩኝም ትሪ እያቃኑ፣ ማን ሆንሽ ከማን ጋር በላሽ ሳይሉኝ ነው።

ለኮሌጁ ደንብ ዘግይታ የተገዛች፣ ለእርስዎም ጤና ዘወትር ዱዓ የምታደርግ፣
ጠሂራ
የክፍል 14 የአንድ ለአምስት ተጠሪ (እስከ ነገ አሥራ አንድ ሰዓት)

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው
ለቤተ መጻሕፍቱ፣ ከይቅርታ ጋር
ለጋሼ ኸይረዲን፣ ምን አለሽ ተራ

ከፊርማ በኋላ የታሰበኝ፦ የተከበረው ስምዎ ከዝርዝሩ ላይ ይሰረዝ የሚሉ ከሆነ ደስታዬ ነው፤ በየትኛው አንቀጽ መሠረት እንደሚሰረዝ ብቻ በጽሑፍ ይንገሩኝ። በዚያው አንቀጽ የሌሎቹንም እሰርዛለሁ።